ያለ ደመወዝ የቆመው ግድግዳ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ሰማያትን ያለ ምሰሶ ላቆመ፥ ምድርንም ለፍጥረቱ ማረፊያ ላደረገ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ይህች አጭር ቃል የተጻፈችው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ መጠለያ ለሌለው ቤተሰብ ቤት በሚሠራበት ጊዜ፥ ሀብት ያለው ሰው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ በእጁም መሥራት ይገባዋልን? ወይስ ገንዘቡ ስለ እርሱ ይበቃል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ለሰው ምኑ ነው የሚለውን ትልቁን ጥያቄ በውስጡ ይዟል።

አላህ በአን-ነሕል ምዕራፍ ጸጋዎቹን ሲቈጥርልን፥ ቤትን ለሰው ልጅ የዕረፍት ስፍራ አድርጎ መስጠቱን ያስታውሰናል። ጤነኛ ሰው የጤናን ዋጋ እንደማያውቅ፥ ቤት ያለውም የቤትን ዋጋ አያውቅም። የሚያውቀውስ ማን ነው? ኪራይ በተጨመረበት ቍጥር ዕቃውን ጭኖ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዞር አባት ያውቀዋል። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ልጆችዋን ከሚያፈሰው ጥግ ወደማያፈሰው ጥግ የምታሸጋግር እናት ታውቀዋለች። ድኻ ከቤቱ ጋራ ብዙ ነገር ያጣል፤ ልጁ የሚያነብበትን ብርሃን፥ ሴት ልጁ የምትከለልበትን መጋረጃ፥ ሶላቱን በርጋታ የሚሰግድበትን ንጹሕ ወለል፥ እንግዳ ሲመጣበት ሳያፍር የሚያስቀምጥበትን መደብ ያጣል።

አሁን በአል-ከህፍ ምዕራፍ የተነገረውን ታሪክ አስቡ። ነቢዩ ሙሳ (ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ከአላህ ዘንድ ልዩ ዕውቀት ከተሰጠው ደግ ባሪያ ጋራ ይጓዙ ነበር፤ ሊቃውንት ይህን ባሪያ ኸድር ብለው ይጠሩታል። ወደ አንዲት ከተማ በደረሱ ጊዜ ርቧቸው ነበርና ምግብ ለመኑ፤ የከተማዪቱ ሰዎች ግን ሊያስተናግዷቸው አልወደዱም። በዚያችው ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አገኙ፤ ያም ደግ ባሪያ አቃንቶ አቆመው። ሙሳም ለዚህ ሥራ ዋጋ መቀበል ይቻል እንደ ነበር አመለከቱ። በኋላ ምሥጢሩ ተገለጠ። ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነበር፤ ከሥሩም የእነርሱ የሆነ ድልብ ነበረ፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር። አላህም ልጆቹ አድገው ገንዘባቸውን በእጃቸው እስኪያወጡ ድረስ ግድግዳው እንዲቆም ፈቀደ።

ነቢዩ ሙሳ የተናገሩት የሚያስነውር ነገር አልነበረም። የሠራተኛ ዋጋ ሐላል ነው፤ እርሳቸውም ራሳቸው በመድየን በደመወዝ ብዙ ዓመት አገልግለዋል። ነገር ግን ወደ መድየን በደረሱበት ቀን፥ ስደተኛና ደካማ ሳሉ፥ እረኞቹ ከውኃው እስኪርቁ ድረስ መንጋቸውን ይዘው የቆሙ ሁለት ሴቶችን አይተው፥ ዋጋ ሳይጠይቁ መንጋውን አጠጡላቸው፤ ከዚያም ወደ ጥላ ዞር ብለው ጌታቸውን ለመኑ። እንግዲህ ዋጋ የሚቀበል እጅና ዋጋ የማይጠይቅ እጅ የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ጥበቡ የእያንዳንዱን ጊዜ ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ወንድማችን ይነሣና እንዲህ ይላል፦ «እኔ ሱቄ አንድ ቀን ብውል፥ ከትርፌ ለአሥር ግንበኞች ደመወዝ ይወጣል። ሱቄን ዘግቼ ጭቃ ብረግጥ ግን የግማሽ ሰው ሥራ እንኳ አልሠራም። ድንጋዩን አጣምሜ አኖረዋለሁ፤ ግንበኛውም አፍርሶ እንደ ገና ይሠራዋል። ይህም ብቻ አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ እንጀራ የሚበላበትን ሥራ እኔ በነጻ ብሠራው፥ አንዱን ድኻ ስረዳ ሌላውን ድኻ አስርባለሁ። ስለዚህ ለድኻው የሚሻለው ገንዘቤ ነው፤ እጄ በሱቄ ይቆይ።»

ይህ ክርክር የስስታም ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን እውነት አለበትና አስቀድመን እውነቱን እንቀበለው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ፥ ምስማርና እንጨት በምርቃት አይገዙም። ዘካም በገንዘብ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው፤ ላብ ዘካን አይተካውም። ሰይዲና ዑመር በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ባደረጉ ጊዜ፥ መሬቱ እንዳይሸጥና እንዳይወረስ፥ ፍሬው ግን ለድኾች፥ ለዘመድና ለመንገደኛ እንዲሆን ወሰኑ። ይህን የመሰለ ዘላቂ ጥቅም በአንድ ቀን ጉልበት አይገኝም። ስለዚህ መሬት ያለው መሬቱን፥ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ይስጥ።

ሙያም የራሱ ክብር አለው። የመዲና መስጊድ ሲሠራ፥ ከየማማ የመጡ ጠልቅ ኢብኑ ዐሊ የሚባሉ ሰው ጭቃ ማቡካት ያውቁበት ነበርና፥ ነቢዩ (ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ያን ሥራ ለእርሳቸው እንዲተዉላቸው እንዳዘዙ ይተረካል። በጎ ፈቃድ ማንንም ሰው ግንበኛ አያደርግም። ግንበኛው በሙያው ይምራ፥ ደመወዙንም ሳይጓደል ይቀበል፤ አንተም ከእርሱ ትእዛዝ በታች ሆነህ ድንጋይ አቀብል። የቀን ሠራተኛውን ከስፍራው አታስለቅቀው፤ ከጎኑ ቁም።

ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ረስቷል። ወንድሜ ሆይ፥ ወዳጅህ በታመመ ጊዜ ሐኪም ትልክለታለህ፥ የመድኃኒቱንም ዋጋ ትከፍልለታለህ። ሐኪሙ ከአንተ ይልቅ እንደሚጠቅመው እርግጥ ነው። ሆኖም አንተ ራስህ ሳትጠይቀው ብትቀር በሽተኛው ዓይኑን ከበሩ ላይ አያነሣም። ጎረቤትህ ሞቶበት ጀናዛውን የሚሸኝ ሰው በገንዘብ ቀጥረህ ብትልክለትስ ሰው ምን ይልሃል? አንዳንዱ ግዴታ በወኪል ይፈጸማል፤ አንዳንዱ ግን አይፈጸምም። ዘካህን ወኪል ያደርስልሃል፤ ሶላትህን ግን ማንም ስለ አንተ አይሰግድልህም። ቤት የሌለውን መርዳት ከሁለቱም ወገን ነው፤ ግማሹ እንደ ዘካ፥ ግማሹ እንደ በሽተኛ ጥየቃ ነው። ለጣራው ገንዘብህ ይበቃ ይሆናል፤ ለጉርብትናው ግን አንተው ራስህ ታስፈልጋለህ።

ድኻው ያጣው ጣራ ብቻ አይደለምና። በየቀኑ በሱቅህ ደጅ ያልፋል፤ ስሙን አታውቀውም። እጁን ሲዘረጋ ሳንቲም ትሰጠዋለህ፤ ፊቱን ግን አላየኸውም። አንድ ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲያቀብልህና ስታቀብለው ከዋለ በኋላ ግን፥ በማግሥቱ ብታገኘው ለማኝ ሆኖ አይታይህም። ስሙን ታውቃለህ፤ የልጆቹን ስም ታውቃለህ፤ ወገቡን ለምን እንደሚያመው፥ ከቀድሞው ቤቱም ለምን እንደ ተባረረ ነግሮሃል። እርሱም ደግሞ የአንተ እጅ በምሳ ሰዓት ውኃ ቋጥሮ አይቶ ስቆብሃል። እንዲህ ያለውን ትውውቅ የትኛው ገበያ ይሸጠዋል?

ነቢዩ በ622 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ፥ መስጊዱ ሲሠራ እርሳቸው ራሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋራ ጡብ ተሸከሙ። ሌላው ሰው አንድ አንድ ጡብ ሲሸከም፥ ዐማር ኢብኑ ያሲር ሁለት ሁለት ይሸከሙ እንደ ነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የነቢዩ ትከሻ ባይጨመርበት ኖሮ ያ መስጊድ ሳይሠራ ይቀር ነበርን? አይቀርም ነበር፤ ባልደረቦቻቸው ብቻቸውን በሠሩት ነበር። ነገር ግን ስደተኛውና ባላገሩ፥ ባለጠጋውና ከባርነት የወጣው አንድ ጭቃ በተለወሱበት በዚያ ሥራ፥ ከመስጊዱ ጋራ አንድ ሕዝብም ተሠራ። በዚያው መስጊድ ሱፋ የምትባል ጥላ ያላት ስፍራ ተደረገች፤ ቤትና ዘመድ የሌላቸው ስደተኞችም ተጠለሉባት።

ሰልማን አል-ፋሪሲም ከባርነት ለመውጣት ከተጣለባቸው ዕዳ አንዱ 300 የተምር ችግኝ መትከል በነበረ ጊዜ፥ ባልደረቦቹ አንዱ ሠላሳ፥ አንዱ ሀያ፥ አንዱም አሥር፥ እያንዳንዱ እንዳቅሙ ችግኝ አመጣ። ጉድጓዱን አብረው ቈፈሩ፤ ነቢዩም በገዛ እጃቸው ተከሉ። ሀብትና ጉልበት እንዲህ ሲተባበሩ ሰውን ነጻ ያወጣሉ።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ገበሬው ደቦ ወይም ጅጌ ጠርቶ ቤቱን ሲያቆም፥ አንዱ ምሰሶ ይተክላል፥ አንዱ ማገር ያስራል፥ አንዱ ጭቃውን ከጭድ ጋራ ያቦካል፥ ሴቶቹም ምግቡን ያሰናዳሉ። ማንም ለማን ስንት እንደ ሠራ በመዝገብ አይጽፍም። ወደ ከተማ ስንገባ ግን ይህን ልማድ በገጠር ትተነው መጣን፤ አባቶቻችን ያልነወራቸው ጭቃ እኛን ያስነውረን ጀመር።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚሰጥ ሰው ከፍ፥ የሚቀበል ሰው ዝቅ ብሎ ከተለያዩ፥ ቤቱ ቢቆምም ሰውየው ወድቋል። የመዲናው መስጊድ መሬት ሰህልና ሱሀይል የሚባሉ የሁለት የቲሞች ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥ ሲሉ፥ ነቢዩ ዋጋውን ሳይከፍሉ ሊወስዱት አልፈቀዱም። ዋጋ መክፈል ሌላውን ሰው እንደ ባለቤት ማክበር ነውና። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕም ንብረታቸውን ከሁለት ከፍለው ለስደተኛው ወንድማቸው ለዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ ሊሰጡ ሲቀርቡ፥ ዐብዱራሕማን መርቀዋቸው የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ፤ ንግዳቸውንም በአይብና በቅቤ ጀመሩ። እናንተ ነጋድያን ይህን ታሪክ ትወዱታላችሁ። እንግዲያስ ድኻውም ዐብዱራሕማንን ለመሆን እንደሚመኝ ዕወቁ።

ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ቤት ቤተሰቡ ራሱ የደከመበትና በሚችለው ዋጋ ባለቤት የሆነበት ቤት ነው። ወጪው በትክክል ይቈጠር፤ ትርፍ አይጨመርበት፤ ወለድም አይቅረበው። ክፍያው ቀርድ ሐሰን፥ ይኸውም መልካም ብድር ሆኖ፥ በብዙ ዓመት ይከፋፈል። የሚመለሰው ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤተሰብ መሠረት ይሁን። ባለዕዳው ቢቸግረው እስኪቀናው ድረስ መታገሥ የቁርኣን ትእዛዝ ነው። ምንም መክፈል የማይችለው ደካማ፥ ባልቴትና የቲም ቢሆን ደግሞ፥ ያ ሙሉ ሶደቃ ነው፤ በእርሱ ላይ ሒሳብ አይጻፍበትም።

ይህ ሥርዓት ሕልም አይደለም። በአሜሪካ ሚላርድ ፉለር የሚባል ጠበቃና ነጋዴ በወጣትነቱ ሚሊዮን ዶላር ካፈራ በኋላ፥ በሥራ ብዛት ትዳሩ ሊፈርስበት ሲል ንብረቱን ለድኾች ሰጠ፤ ከሚስቱ ከሊንዳ ጋራም በ1976 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ሐቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። እርሱ የክርስትና እምነት ተከታይ ነበር፤ ነገር ግን ማኅበሩ የተነሣበት ደንብ ለሙስሊም ነጋዴ ጆሮ እንግዳ አይደለም፦ ቤቱ ያለ ትርፍ ይሸጥ፥ ብድሩ ያለ ወለድ ይሁን፥ ቤተሰቡም ከበጎ ፈቃደኞች ጋራ በጉልበቱ ይሥራ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ከ1984 ጀምሮ ከሚስታቸው ጋራ መዶሻ ይዘው በዚህ ሥራ ይሰለፉ ነበር። በ2019፥ የ95 ዓመት ሽማግሌ ሳሉ፥ ወድቀው ፊታቸው ከተጎዳ በኋላ እንኳ ወደ ሥራው ስፍራ ሄዱ። በ2024 መቶ ዓመት ሞልቷቸው አረፉ። ወለድ እርም የሆነብን እኛ ሳለን፥ ያለ ወለድ ቤት በመሥራት ሌሎች ቀደሙን። ይህ ሊያስቈጣን ሳይሆን ሊያነሣሣን ይገባል።

ሌላም ትምህርት ከግብፅ እናገኛለን። ስመ ጥሩው የሕንፃ ሊቅ ሐሰን ፈትሒ ከ1946 ገደማ ጀምሮ፥ በሉቅሶር ፊት ለፊት ከናይል በስተምዕራብ፥ ለጉርና ሰዎች አዲስ መንደር ያሠራ ጀመር። የኑቢያን ግንበኞች አምጥቶ በጭቃ ጡብ ብቻ፥ ያለ እንጨት የሚቆም ቅስት ጣራ አስገነባ፤ የሠራው መስጊድ ዛሬም ያየውን ሁሉ ያስደንቃል። ነገር ግን ሰዎቹ ወደዚያ እንዲዛወሩ ታዘዘባቸው እንጂ እነርሱ አልጠየቁም ነበር። ኑሯቸው ከጥንታውያኑ መቃብሮች አጠገብ ካለው ስፍራቸው ጋራ የተያያዘ ስለ ነበር መልቀቅን አልወደዱም፤ መንደሩም ሳያልቅ ቀረ። ሊቁ ቅን፥ ጥበቡም ብርቅ ነበር። ሆኖም ሰው ቤትን የሚፈልገው ከሥራው፥ ከዘመዱና ከገበያው ጋራ ነው። እንግዲህ ለቤተሰቡ ከመሥራታችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ፤ በተለይም እናቲቱን ጠይቁ። ማዕድ ቤቱ ወዴት ይሁን? ውኃው ከምን ያህል ርቀት ይቀዳል? ልጆቹ የት ይማራሉ?

የምትሠሩበት ገንዘብ ደግሞ ንጹሕ ይሁን። ቁረይሾች ከእስልምና በፊት ካዕባን እንደ ገና ሲሠሩ፥ በጣዖት አምልኮ ውስጥ ሳሉ እንኳ፥ ከወለድና ከግፍ የተገኘ ገንዘብ ወደ ሥራው እንዳይገባ ተስማምተው ነበር፤ ንጹሑ ገንዘብ ስላልበቃቸውም ከቤቱ አንዱን ወገን ሳይሠሩ አስቀሩት። በሚዛን የሰረቀ፥ ዕቃ ደብቆ ዋጋ ያስወደደ፥ ተከራዩንም በክረምት ያስወጣ ሰው፥ በዚያው ገንዘብ ለሌላ ድኻ ጣራ ቢያለብስ ምን ይጠቅመዋል? መጀመሪያ ያፈረሰውን ያቁም። ወንድሜ ሆይ፥ ቤት የምታከራይ ከሆንህ፥ ምናልባት ያንተ ግድግዳ በገዛ ግቢህ ውስጥ ነው፤ ከሩቅ አትፈልገው።

ሥራውም የተጣራ ይሁን። ለራስህ ብትሆን ዓይንህን ጨፍነህ ካልሆነ የማትቀበለውን መጥፎ ነገር ለሶደቃ እንዳትመርጥ ቁርኣን ያስጠነቅቅሃል። ስለዚህ የዛገውን ቆርቆሮ፥ የደረቀውን ሲሚንቶ፥ ምስጥ የበላውን እንጨት ከመጋዘንህ ማጽጃ አታድርገው። መሠረቱ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቈፈር። የዝናቡ ውኃ ከግድግዳው የሚርቅበት ቦይ ይበጅለት። መጸዳጃው ከውኃ ጕድጓዱ ይራቅ። በድኻ ላይ የሚወድቅ ቤት ከቤት ማጣት የከፋ ነው፤ ኒያችን መልካም ነበር ማለትም ግድግዳውን ደግፎ አያቆመውም።

በመጨረሻም ምላስህን ጠብቅ። መመጻደቅና ማስከፋት ሶደቃን ያጠፋሉ። ስምህን በበሩ ላይ አታስቀርጽ፤ ልጆቹ አድገው በገቡና በወጡ ቍጥር የችግራቸውን ዘመን የሚያነብቡበት ጽሑፍ አትተውላቸው። ያ የቲሞቹን ግድግዳ ያቆመው ደግ ባሪያ ሥራውን ጨርሶ መንገዱን ቀጠለ። ልጆቹ ማን እንዳቆመላቸው ያወቁ አይመስልም። ደግሞም አስታውሱ፤ የከተማዪቱ ሰዎች እንጀራ ከልክለውት ነበር። እኛ ብንሆን ኖሮ «እነዚህ ሰዎች አይገባቸውም» ብለን እናልፍ ነበር። እርሱ ግን የጎረቤቶቹን ክፋት በየቲሞቹ ላይ አልቈጠረም። ከሰው ምስጋናን የማይጠብቅ ሰው በሰው ውለታ ቢስነት አይደክምም።

ይህንስ በምን እንጀምረው? በትንሽ ነገር። በሰፈራችሁ ጣራው የሚያፈስበትን አንድ ቤተሰብ ፈልጉ። አምስት ወይም ስድስት ነጋዴዎች ተማከሩ፤ ገንዘቡን አዋጡ፥ የታመነ ግንበኛም ያዙ፤ ቦታው የማን እንደ ሆነ፥ ስሙም በማን እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ጨርሱ፥ ኋላ ጠብ እንዳይነሣ። ከዚያም አንድ ቀን ሱቃችሁን ዘግታችሁ ሂዱ። ልጆቻችሁን ውሰዷቸው፤ አባታቸው ስንዱ ልብሱን አውልቆ ከድኻ አባት ጋራ አንድ ቃሬዛ ድንጋይ ሲያነሣ ይዩት። ስለ ሶደቃ መቶ ጊዜ ከምትመክሯቸው ይልቅ ያን ቀን ያስታውሱታል። በእርጅና ወይም በሕመም ወይም በሥራ መሄድ የማይችል ሰው አይዘን፤ አላህ ኒያውን ያያል።

ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ወገባችሁ ይዝላል፥ እጃችሁም ይሻክራል። ያን ጊዜ በራችሁን ከፍታችሁ ስትገቡ፥ ከዚያ በፊት ያላያችሁትን የራሳችሁን ጣራ ቀና ብላችሁ ታዩታላችሁ።

አላህ ሆይ፥ ቤት ለሌላቸው ቤት ስጣቸው፤ ቤት ላለን ደግሞ የማይጠብብ ልብ ስጠን። ያዋጣነውን ገንዘብ ከሐላል፥ የሠራነውን ሥራ ለአንተ ብቻ አድርገው። ልጆቻችን ከእኛ በኋላ የቲም ሆነው ቢቀሩ፥ ግድግዳቸውን የሚያቃና ደግ ሰው አታሳጣቸው። አሚን።